የማን ቧንቧ ነው?

ዶሮ ማነቂያ፣ ግቢያችን ውስጥ ስድስት አባወራ፣ አንድ ቆጣሪ፣ አንድ ዋና መዝጊያ ነበረን። መዝጊያው ዕድሜ ልኩን ያለቅሳል። የግቢው እማማ ከሥሩ የወተት ጣሳ ደቅነው፣ «እሱ ያልቅስ፣ እኔ ዕቃ አጥብበታለሁ» ይሉ ነበር።

ለምን አታስቀይሩትም? ጎበዝ፣ መልሱ ከ1967ቱ አዋጅ ይጀምራል። በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤት ሲወረስ፣ የወር ኪራዩ ከ100 ብር በታች የሆነው ለቀበሌ ተሰጠ። ቤቱ የመንግሥት፣ ኪራዩ የሳንቲም፣ ፍሳሹ ደግሞ የማንም።

አንድ ሌሊት የፈረቃው ውኃ በኃይል መጣና ግቢውን አጥለቀለቀው። ተዋጥተን ቧንቧ ሠራተኛ ጠራን። ሰውዬው የብረቱን ቧንቧ በመፍቻ ገና ሲነካው ጥርሱ ተፈረፈረ።

«መዝጊያውን ብቻ ብቀይርላችሁ ፍሳሹ ወደሚቀጥለው መጋጠሚያ ይሄዳል» አለ። ከቆጣሪው እስከ በራችን ያለውን መስመር በሙሉ በፕላስቲክ ቀየረው። «በየሁለት ወሩ ከፍታችሁ ዝጉት፤ ሳይነካ የከረመ መዝጊያ ይጣበቃል» ብሎን ሄደ።

ግቢው ጸጥ አለ። እማማ ግን ጣሳቸውን አላነሱም። «አላምነውም» አሉ።

በ2016 ሰፈሩ ለልማት ሲፈርስ በየኮንዶሚኒየሙ ተበተንን። አሁን የራሴ ቆጣሪ፣ የራሴ መዝጊያ አለኝ። በየሁለት ወሩ እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። ባለፈው ከላይኛው ፎቅ ውኃ ሲንጠባጠብብኝ ወጥቼ አንኳኳሁ። በሩን ሲከፍቱልኝ ማን ብዬ እንደምጠራቸው አላወቅኩም።