የአባቴ መንዙማ በየትኛው ፋይል ይቀመጥ?

 

የወሎ ሰው መንዙማን ሲቀባበል የኖረው በቃል ብቻ አይደለም። እንደ ሸህ ጦልሃ ጀዕፈር ያሉ ዑለማዎች የአማርኛውን ግጥም በዐረብኛ ፊደል፣ ማለትም በዐጀም፣ ጽፈው አቆይተውልናል። አፉን በአማርኛ የፈታ ሰው እንኳ ዐጀም ካልተማረ ያንን ጽሑፍ ማንበብ አይችልም። ቋንቋው ያው ነው፤ ልብሱ ግን ሌላ ነው። ኮምፒዩተር «ይህን ፋይል መክፈት አልችልም» ሲለንም ነገሩ ከዚህ ብዙም አይለይም።

ይህን እንዳስተውል ያደረገኝ የአባቴ ድምፅ ነው። አባቴ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ላሊበላ ባለው ቤታችን አንድ ማታ ያሉትን መንዙማ ወንድሜ በሞባይል ቀድቶት ነበር። ከእርሳቸው የቀረን ድምፅ ይኸው ብቻ ነው። ፋይሉ «ኤኤምአር» የሚባለው ዓይነት ሲሆን የእናቴ ትንሽ ሬዲዮ ከፍላሽ ላይ የምታጫውተው ግን ኤምፒ3 ብቻ ነው። በከተማው አንድ ኮምፒዩተር ቤት የሚሠራ ልጅ የፋይሉን ስም መጨረሻ ወደ ኤምፒ3 ለውጦ ሰጠን፤ ሬዲዮዋ ግን ዝም አለች። የዐጀም ኪታብ ሽፋን ላይ በግዕዝ ፊደል ርዕስ ስለተጻፈበት ውስጡ እንደማይለወጥ ሁሉ ስም መቀየርም ፋይሉን አይቀይረውም።

መፍትሔ የሆነን ቪኤልሲ የተባለው ፕሮግራም ነው። ይህ ፕሮግራም የፓሪስ ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1996 የጀመሩት ሥራ ሲሆን ክፍያ አይጠየቅበትም፤ አብዛኞቹን የድምፅ ፋይሎችም ያጫውታል። «ሚዲያ» ከሚለው ዝርዝር ውስጥ «ኮንቨርት» የሚለውን መርጠን ወደ ኤምፒ3 ቀየርነው። እናቴ በዚያው ዕለት አደመጠችው።

ይሁን እንጂ ኤምፒ3 ሆነ ብለን የመጀመሪያውን ፋይል አላጠፋነውም። ምክንያቱን ላስረዳ። «ሶላት» እና «ሱና» በዐረብኛ የሚጀምሩት በሁለት የተለያዩ ፊደላት፣ በሷድና በሲን ነው። በእኛ ፊደል ሲጻፉ ግን ሁለቱም ከ«ሰ» ቤት ይሆናሉ። ጽሑፉን መልሶ ወደ ዐረብኛ የሚገለብጥ ሰው ቃሉን አስቀድሞ ካላወቀ የትኛው ሷድ፣ የትኛው ሲን እንደነበረ ከፊደሉ ብቻ ሊለይ አይችልም። ኤኤምአርም ሆነ ኤምፒ3 ቦታ ለመቆጠብ ሲሉ ከድምፁ የሚጥሉት ነገር አለ። ከአንዱ ወደ ሌላው በተገለበጠ ቁጥር መጉደሉ ይጨምራል፤ የጎደለውም አይመለስም። ለስልክ ንግግር የተሠራው ኤኤምአር ድምፅን በሰከንድ የሚለካው 8,000 ጊዜ ሲሆን ሲዲ ግን 44,100 ጊዜ ይለካል። ስለዚህ የጭብጨባው ጥራት ገና ሲቀዳ ቀርቷል፤ በመቀየር አናገኘውም። የቀረውን ግን መጠበቅ እንችላለን።

የመንዙማ ካሴት ያላችሁ ወገኖች ከእኛ የተሻለ ዕድል አላችሁ። ካሴቱን ወደ ኮምፒዩተር ስታስገቡ በቅድሚያ ምንም በማይጥለው በ«ዌቭ» ቅዱት። በሲዲ ጥራት ለአንድ ደቂቃ 10 ሜጋባይት ያህል ይፈልጋል፤ የ60 ደቂቃው ካሴት 600 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። በተለመደው መጠን ኤምፒ3 የዚህን አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ይይዛል። እንግዲህ ኤምፒ3ን ለማድመጫ፣ ዌቭን ለማቆያ አድርጉት። አንድ ቅጂም በሌላ ከተማ ባለ ዘመድ ቤት ይቀመጥ፤ የእኛ ወልድያ ነው ያለው።

አላህ የሞቱብንን ይማርልን። ወሰላሙ ዐለይኩም።