ተራው የማን ነበር?



ከእኔ ከመድረሳ መምህር የምትጠብቁት ስለ ልጆች አስተዳደግ ወይም ስለ ጎረቤት ሐቅ የሚያወሳ ጽሑፍ እንደሚሆን እገምታለሁ። የዛሬው ግን ስለ ጨዋታ ነው፤ ያውም በስልክ እየተጻፈ ስለሚካሄድ ጨዋታ። «ኡስታዝ በዚህ ዕድሜው ምን ነካው?» የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። ብቻ እስከ መጨረሻው ይታገሰኝ፤ ነገሩ ኋላ ላይ ከሰው ሐቅ ጋር ይገናኛል፤ ጥፋቱም የራሴ ነው።

ልጄ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ባለፈው ክረምት ደሴ ላይ ዝናቡ አላስወጣ ሲላቸው እሷና አምስት የመድረሳ ጓደኞቿ በቴሌግራም አንድ ታሪክ ጀመሩ። ታሪኩ ከአፋር በረሃ አሞሌ ጨው ጭኖ ወደ ወሎ ደጋ ስለሚወጣ የሲራራ ጉዞ ነው። እያንዳንዷ ልጅ አንድ ሰው ትይዛለች። አንዷ ነጋዴውን፣ አንዷ የነጋዴውን እናት፣ አንዷ ግመል ነጂዋን ያዙ፤ ልጄ ደግሞ ለቂርአት ከአገሩ ወጥቶ መንገድ ላይ ከሲራራው ጋር የተቀላቀለ ደረሳ ሆነች። አንዷ ትጽፋለች፤ ሌላዋ ያንን አንብባ የራሷን ሰው ንግግርና አድራጎት ትቀጥላለች፤ እንዲህ እየተባለ ይዞራል። አንድ ጥብቅ ሕግ አላቸው፦ ማንም የሌላዋን ሰው አትነካም። «ግመል ነጂዋን ተቆጣኋት» ማለት ይቻላል፤ «ግመል ነጂዋ ፈራች» ማለት ግን አይቻልም። መፍራት አለመፍራቷን የምትናገረው ግመል ነጂዋን የያዘችው ልጅ ብቻ ናት።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ አልወደድኩትም ነበር። ሌሊት ስልክ ላይ ተጎንብሳ ሳገኛት ሁለት ጊዜ ተቆጥቻታለሁ፤ ለሱብሒ ሲቀሰቀስ አልነሳ የሚል ልጅ ያላችሁ ወላጆች ትረዱኛላችሁ። በኋላ እናቷ «ሳታነብ አትፍረድ» አለችኝ። አነበብኩ። ለምሳ ስጠራ አልሰማሁም ብላ ባለቤቴ እስከ ዛሬ ትስቅብኛለች።

ከሁሉ የገረመኝ የጉድጓዱ ነገር ነው። ሲራራው ሦስት ቀን ውሃ ሳያገኝ ተጉዞ አንድ የውሃ ጉድጓድ ዘንድ ይደርሳል። የነጋዴውን እናት የያዘችው ልጅ «ጉድጓዱ ሞላ» ብላ ልትጽፍ ፈልጋ ጣቷ ስቶ «ጉድጓዱ ሞተ» ብላ ላከችው። ለማረም ጊዜ አልሰጧትም። ቀጣይዋ ልጅ ወዲያው በነጋዴው አፍ «ጉድጓድም እንደ ሰው ይሞታል?» ብላ ጠየቀች። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ በሙሉ ጉድጓዱን ማን እንደገደለው ሲፈለግ የሚያልፍ ሆነ። እንግዲህ ይህን ታሪክ የፈጠረው ማን ይባላል? ጣቷ የሳተው ልጅ ናት ወይስ ስሕተቱን ወደ ጥያቄ የለወጠችው? አንድ ሰው ብቻውን ተቀምጦ ቢጽፍ ኖሮ ስሕተቱን አርሞ ያልፍ ነበር።

የእህቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒዩተር የሚያጠና ነው። ለዒድ መጥቶ ይህን ሲሰማ ሳቀና «አጎቴ፣ ይኼ እኮ አዲስ ነገር አይደለም» አለኝ። እሱ እንዳስረዳኝ እ.ኤ.አ. በ1978 በእንግሊዝ አገር በኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ሮይ ትራብሾ የሚባል ተማሪ፣ ብዙ ሰዎች በየኮምፒዩተራቸው ተቀምጠው በአንድ ዓለም ውስጥ የሚገናኙበትን ጨዋታ ጀመረ፤ ከ1980 ወዲህ ደግሞ ሪቻርድ ባርትል ቀጠለበት። ጨዋታው ሥዕል የለውም። ክፍሉም፣ ዛፉም፣ ጠላቱም በቃላት ብቻ ይነገራል፤ ተጫዋቹም የሚያደርገውን በቃላት ይጽፋል።

ቀጥሎ የነገረኝ ግን ይበልጥ ማረከኝ። በአሜሪካ ታይ ፍራንክ የሚባል ሰው፣ የሰው ልጅ ከምድር አልፎ በማርስና በፀሐይ ዙሪያ በሚዞሩ ዐለቶች ላይ የሰፈረበትን ዓለም ለኮምፒዩተር ጨዋታ ብሎ አሰበ። የኮምፒዩተሩ ጨዋታ ሳይሠራ ቀረ። እሱ ግን ዓለሙን አልጣለውም፤ ሰዎች ልክ እንደ ልጄና እንደ ጓደኞቿ በኢንተርኔት በተራ እየጻፉ እንዲጫወቱበት አደረገ። በኋላም ኒው ሜክሲኮ በሚባለው ግዛት ሰዎችን ጠረጴዛ ዙሪያ ሰብስቦ አጫወተበት። ዳንኤል አብርሃም የሚባል ልብ ወለድ ደራሲ ጨዋታውን ተቀላቅሎ ፍራንክ ያዘጋጀውን የማስታወሻ ብዛት ባየ ጊዜ፣ ይህ መጽሐፍ መሆን አለበት አለ። ሁለቱ ተባብረው ጻፉት። የመጀመሪያው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2011 ወጣ፤ እስከ 2021 ዘጠኝ ልብ ወለድ ደረሰ። «ዘ ኤክስፓንስ» በሚል ስምም ከ2015 እስከ 2022 ለስድስት ዙር በተከታታይ ፊልምነት ታየ። (ፊልሙ ቤተሰብ ተሰብስቦ የሚያየው አይደለም፤ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም።)

በመጽሐፎቹ ሽፋን ላይ የደራሲው ስም «ጄምስ ኤስ. ኤ. ኮሪ» ይላል። እንዲህ የሚባል ሰው ግን የለም። «ጄምስ» የአብርሃም፣ «ኮሪ» የፍራንክ የመሐል ስም ሲሆን፣ መሐል ላይ ያሉት ሁለት ፊደላት የአብርሃም ሴት ልጅ ስም መነሻዎች ናቸው። ይህን ለልጄ ስነግራት «አባዬ፣ የኔንስ ስም የት ታስገባዋለህ?» አለችኝ። በዚህች ጽሑፍ ላይ አላስገባሁትም፤ ምክንያቱን እሷ ታውቃለች።

በጨዋታው ሁሉም የራሱ ሰው ጌታ ነው። መጽሐፍ ሲሆንስ አንባቢው ታሪኩን በማን ዓይን ይይ? በመጀመሪያው መጽሐፍ ምዕራፎቹ በሆልደንና በሚለር፣ በሁለት ሰዎች ዓይን ይፈራረቃሉ። የሆልደንን ፍራንክ፣ የሚለርን አብርሃም እየጻፉ እርስ በርስ ይተራረሙ ነበር። ተራ መጠበቁ አልጠፋም ማለት ነው፤ ከብዙ ሰው ወደ ሁለት ሰው ወረደ እንጂ።

በጃፓን ደግሞ ሌላ መንገድ ሞክረዋል። በእንግሊዝኛ «ሪከርድ ኦቭ ሎዶስ ዋር» የሚባለው ታሪክ በኢንተርኔት ሳይሆን በጠረጴዛ ዙሪያ ከተደረገ ጨዋታ የተገኘ ነው። ተጫዋቾቹ የተነጋገሩት ተጽፎ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ኮምፕቲክ በሚባል መጽሔት በተከታታይ ወጣ። አንባቢው ባለታሪኩን ብቻ ሳይሆን ከበስተጀርባው ያለውን ተጫዋችም ይሰማ ነበር። ጨዋታውን ይመራ የነበረው ሪዮ ሚዙኖ በ1988 ልብ ወለድ አድርጎ ሲያወጣው ግን ተጫዋቾቹ ከገጹ ወጡ፤ ባለታሪኮቹ ብቻ ቀሩ። እኔ ብጠየቅ የመጽሔቱን እመርጣለሁ። ልጅ ሳለሁ የሰማሁት መንዙማ ሌሊቱን ሙሉ የሚሄድ ነበር፤ ካሴት ሲመጣ በአንድ ገጽ ሠላሳ ደቂቃ ሆነ። የመሪው ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ የተቀባዮቹ ግን ከሩቅ እንደሚመጣ ዝናብ ነው። አባቴ ካሴቱን ከፍቶ ሲያዳምጥ የተቀባዩን ድርሻ ራሱ እየተቀበለ ይሞላው ነበር።

ወደ ጥፋቴ ልመለስ። የእህቴ ልጅ ካጫወተኝ ሁሉ ያሳቀኝ ሼድ ጋርቪ ስለሚባለው ባለታሪክ የነገረኝ ነው። ይህን ሰው የያዘው ተጫዋች ጨዋታውን አቋርጦ ይሄዳል። ሰውየው እንግዲህ ባለቤት የለውም፤ ስለዚህ እንዲሞት ተደረገ። በመጽሐፉም፣ በፊልሙም ገና በጊዜ፣ ሳይታሰብ ይሞታል። የማያውቅ አንባቢ ደራሲዎቹ እንዴት ጨካኞች ናቸው ብሎ ይደነግጣል፤ ነገሩ ግን አንድ ሰው ጨዋታ መተዉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 የመጀመሪያው የቴሌቪዥን ጣቢያ ፊልሙን ሲያቋርጥ ከ100,000 በላይ ሰዎች ይቀጥል ብለው ፈርመው ነበር፤ በኋላም አማዞን ተረከበው። ከነዚያ ፈራሚዎች ውስጥ ስንቱ ስለዚያ አቋርጦ ስለሄደ ተጫዋች ያውቅ ይሆን?

የመድረሳችን የዓመት መዝጊያ ዝግጅት ሲቃረብ ልጄ የሲራራውን ታሪክ በድምፅ ማጉያ የሚነበብ ድራማ ላድርገው አለች። የተሰጣት ጊዜ ሃያ ደቂቃ ነው። የወራት ጽሑፍ ከስልኩ ላይ ስትገለብጥ ሦስት ደብተር ሞላ። ከዚያ መቀነስ መጣ። በስልክ ላይ ልብ የሚሰቅለው አንዷ ጥያቄ ጽፋ እስከ ማግስቱ መልስ ሳይመጣ ማደሩ ነበር፤ በመድረክ ላይ ማን ያድራል? ቀልዱም እነሱን እንጂ ሌላውን አያስቅም። ይህን ሁሉ ቀነሰች። በመጨረሻ የከበዳት ግመል ነጂዋ ነበረች። ይህችን ሰው የያዘችው ልጅ ቤተሰቧ ታኅሣሥ ላይ ወደ ከሚሴ ተዛውሮ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አንድም ቃል ጽፋ አታውቅም። ሌሎቹ ጥቂት ቀን ጠብቀው አለፏት። ልጄ «አባዬ፣ ግመል ነጂዋን ምን ላድርጋት?» አለችኝ።

እኔም እንደ አዋቂ ሆኜ የሼድን ታሪክ ነገርኳት። «የሄደ ሰው ሄዷል፤ መጀመሪያው ላይ ትሙትና ታሪኩ ይቅለልሽ» አልኳት። ልጄ ትንሽ አመነታች፤ ግን አባቷም ኡስታዟም ነኝና ታዘዘች። ግመል ነጂዋ በአንደኛው ገጽ በጎርፍ ተወሰደች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ በእናቷ ስልክ ከከሚሴ አንዲት መልእክት መጣች። ከልጆቹ አንዷ ነግራት ኖሯል። መልእክቱ «ሳልሞት ገደላችሁኝ» ይላል፤ ሌላ ምንም የለውም። ልጄ ስልኩን አምጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችና ምንም ሳትናገር ወጣች። ያን ዕለት መግሪብን ሰግጄ ብዙ ተቀመጥኩ። እኔ ደረሳዎቼን «ከማን ሰማህ? እሱስ ከማን ሰማ?» ሳልል ወሬ የማላሳልፍ ሰው ነኝ። ሐዲስን ከልጆች ጨዋታ ጋር ማስተያየቴ አይደለም፤ አላህ ይጠብቀን። ግን ደብተሮቹን አውጥቼ ስመለከት ልጄ ስትገለብጥ የባለታሪኮቹን ስም ጽፋ የጻፉትን ልጆች ስም በሙሉ ትታዋለች። ያንንም ቀደም ብዬ አይቼ «ጥሩ ነው» ብዬ አልፌው ነበር። ስለ ግመል ነጂዋስ ቢሆን፣ ልጅቷ ለምን ዝም እንዳለች የጠየቀ ማን ነበር?

ቅዳሜ ጠዋት ከልጄ ጋር በኮምቦልቻ በኩል ከሚሴ ወረድን። የልጅቷ እናት «ኡስታዝ፣ ምነው በደህና?» ብላ ደንግጣ ተቀበለችን፤ የጨዋታ ነገር ነው ስላት ሳቀችና ቡና አቀረበች። ልጅቷ ግን አልሳቀችም። ስልኳ በተዛወሩበት ሳምንት ውሃ ገብቶበት ተበላሽቶ ኖሯል፤ ማሠሪያው ደግሞ ውድ ነው። «ኡስታዝ፣ እኔ እኮ አልተውኩም» አለችኝ፤ «ተራዬ ሳይደርሰኝ ቀርቶ ነው እንጂ።» ይቅርታ ጠየቅኋት። ልጆቼ ፊት ይቅርታ መጠየቅ አልለመድኩምና አንደበቴ ተያያዘ። «አውፍ ብያለሁ» አለች፤ ዓይኗ ግን ልጄ ላይ ነበር።

ከዚያ ተነሥታ ከጓዳ አንድ ደብተር አመጣች። በየሳምንቱ ሌሎቹ ምን ሊጽፉ እንደሚችሉ እየገመተች የራሷን ተራ በወረቀት ስትጽፍ ቆይታለች። ስልኩ ሲሠራ ልልከው ብላ ነው። ሁለቱ ልጆች ደብተሩን መሐላቸው አድርገው ማንበብ ጀመሩ። እኔና እናትየው ሁለተኛውን ቡና ጠጣን፤ ሦስተኛው ሲቀዳ ከወዲያ የሳቅ ድምፅ ተሰማ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ልጄ ደብተሩን እቅፏ ላይ ይዛ ነበር። ግመል ነጂዋን ወደ ታሪኩ መልሳታለች፤ በድራማው መጨረሻም የስድስቱም ልጆች ስም ከያዙት ሰው ጋር ይነበባል። ያስቸገራት ሌላ ነው። የከሚሴዋ ልጅ የጠፋችው ሲራራው ጉድጓዱ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ነው፤ ያን የጣት ስሕተት አላየችም። በእሷ ደብተር ጉድጓዱ አልሞተም፤ እስከ አፉ ሞልቷል፤ ግመሎቹም ጠጥተው ተኝተዋል። የመጀመሪያዋ ልጅ ልትጽፈው የፈለገችውም ይህንኑ ነበር።

«አባዬ፣ ታዲያ ጉድጓዱ ሞቷል ወይስ ሞልቷል?» አለችኝ። አሁን እኔ አልፈርድም፤ ስድስታችሁ ተነጋገሩ አልኳት። እስከ ትናንት ማታ አልተስማሙም። ዝግጅቱ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።