የእናቴ ወገብና የልጄ ሞላ

እናቴ ስለ መንገድ አማርራ አታውቅም። በ1984 ከጎንደር ገጠር ተነሥታ፣ ቀን ተደብቃ ሌሊት እየተጓዘች፣ በእግሯ ሱዳን የገባች ሴት ናት። ያንን መንገድ እንኳ ስታወራው «አለፈ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብላ ነው የምትጨርሰው። ስለዚህ ባለፈው ክረምት ከፊዚዮቴራፒ ስመልሳት ከኋላ ወንበር ሆና «ልጄ፣ ይቺ መኪናሽ ወገቤን ጨረሰችው» ስትለኝ መሪውን ይዤ ደነገጥኩ። ቀልድ አልነበረም። በመስታወቱ ሳያት በሁለት እጇ የወንበሩን ጠርዝ ጨብጣለች።

እኛ የምንኖረው ኔቬ ዮሴፍ ነው። ሃይፋን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ከተማዋ እንደ ደረጃ ናት፤ ታች ወደቡና ባሕሩ፣ መሐል ሃዳር፣ ላይ ካርሜል። ከ1959 ጀምሮ ካርሜሊት ከፓሪስ አደባባይ እስከ ጋን ሃኤም ተራራውን በውስጥ ይወጣል፤ ከ2022 ወዲህ ደግሞ ከመርካዚት ሃሚፍራጽ እስከ ዩኒቨርሲቲው በገመድ የሚሄደው ራካቭሊት አለ። ጥሩ ናቸው፣ ግን እናቴ በር ላይ አይቆሙም። የካርሜል ዋሻም ቢሆን ከተራራው ሥር ያሳልፋል እንጂ ወደ ላይ አያወጣም። ስለዚህ በሳምንት ሁለት ቀን እሷን ይዤ እወጣለሁ፣ ይዤ እወርዳለሁ። ከዚያ በተረፈ ሥራ፣ ሱፐር፣ ልጆች። መኪናዋ የ2014 ፒካንቶ ናት፣ 140,000 ኪሎ ሜትር አልፋለች። በየሰፈሩ ባምፐር አለ። ቁልቁለት ላይ ፍሬን በያዝኩ ቁጥር የመኪናዋ ክብደት ወደ ፊት ይደፋል፤ ባምፐሩ ላይ ስወጣ «ቋ»፣ ስወርድ ደግሞ «ቋ ቋ»።

አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ይኸው ድምፅ ሲጀምራት አንድ ሙሳኽ ወስጃት ነበር። ስሙን ልተወው። «የቀኙ የፊት ቦሌም ሞቷል» አሉኝ፣ የቀኙን ብቻ ቀየሩ፣ ከፈልኩ፣ ወጣሁ። ድምፁ ከአንድ ሳምንት በኋላ ተመለሰ። እኔም እንደ ብዙዎቻችን፣ መኪና ስለማላውቅ ዝም አልኩ። ሙሳኽ ውስጥ ሰው ፊት «አልገባኝም» ማለት ለምን እንደሚከብደን እንጃ።

የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ አጎቴ፣ በወጣትነታቸው ጎንደር ከተማ ጋራዥ ውስጥ ሠርተዋል። እዚህ ከመጡ በኋላ ግን ማንም ስለ ሙያቸው አልጠየቃቸውም፤ እስከ ጡረታ ፋብሪካ ነው የሠሩት። ሻባት ሲወጣ መጥተው መኪናዋን ዞር ዞር ብለው አዩዋት። የፊቱን ጥግ በሁለት እጃቸው ተጫኑና ለቀቁት። በቀኝ በኩል ወጥታ ቆመች። በግራ በኩል ግን ወጣች፣ ወረደች፣ እንደገና ወጣች። ከዚያ ባትሪ አስመጡና ከጎማው በላይ እያበሩ «ነይ እዪ፣ አሞርዛተሩ አልቅሷል» አሉኝ። እውነትም ቱቦው ከላይ እስከ ታች በዘይት ረጥቦ አቧራ ይዟል። ጎማውን በመዳፌ ሳሻሸው ደግሞ እኩል አላለቀም፣ እዚህም እዚያም ጎድጎድ ብሏል።

እስቲ እኔን ያስረዱኝን ላካፍላችሁ። የመኪናዋን ክብደት የሚሸከመው ሞላው ነው። ሞላ ብቻውን ከሆነ ግን አንዴ ከተጫነ ቶሎ ማረፍ አያውቅም፣ ይዘላል። የሚያሳርፈው አሞርዛተሩ ነው። ውስጡ ዘይት ያለበት ቱቦ ነው፤ ዘይቱ ውስጥ ፒስተን ይመላለሳል፣ ፒስተኑ ላይ ትናንሽ ቀዳዳዎችና ቫልቮች አሉ። ዘይቱ በእነዚያ ተጨናንቆ ሲያልፍ የመንገዱ ንዝረት ወደ ሙቀት ይለወጣል። መጥፎ መንገድ ላይ ብዙ ከነዳችሁ በኋላ ብትነኩት ይሞቃል። ብዙዎቹ ውስጥ ናይትሮጅን ጋዝ የሚጨመረውም ዘይቱ ሲናጥ አረፋ እንዳይሠራ ነው። በኛ ዓይነት ትንሽ መኪና ከፊት ሞላውና አሞርዛተሩ አንድ ላይ ተገጥመው ነው የሚቆሙት፤ ይህን አሠራር ያወጣው ማክፈርሰን የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው፤ በ1950 እንግሊዝ ውስጥ በተሠራው ፎርድ ኮንሰል ላይ ነው መጀመሪያ የገባው። ከኋላ ግን ሞላው ለብቻው፣ አሞርዛተሩ ለብቻው ነው።

ታዲያ እኔን የገረመኝ ምን መሰላችሁ? አሞርዛተር ሲሞት ብዙውን ጊዜ አይጮህም። ቀስ በቀስ ነው የሚደክመው፣ ሹፌሩም ቀስ በቀስ ይለምደዋል። የሚሰማው ከኋላ የተቀመጠ ሰው ነው። ያ «ቋ ቋ» የሚለው ድምፅ ደግሞ የመጣው ከሌላ ነበር፤ ማረጋጊያውን ዘንግ ከአሞርዛተሩ ጋር የምታያይዝ ጣት የምታክል ብረት አለች፣ ጫፏ ላልቶ ነበር። ርካሽ ዕቃ ናት። ለእሷ ድምፅ ብዬ ነው አምና የአሞርዛተር ዋጋ የከፈልኩት። አጎቴ ግን ድምፁን ሳይሆን ዘይቱን ነው የፈሩት። ጎማ መንገዱ ላይ ከዘለለ በዘለለበት ቅጽበት ፍሬን የለውም፣ ኤቢኤስም ቢሆን አየር ላይ ያለ ጎማ ማቆም አይችልም። ከረጅሙ በጋ በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል የሃይፋ ቁልቁለት እንዴት እንደሚያንሸራትት ደግሞ ለናንተ አልነግራችሁም።

በዚህ መሐል ልጄ ጻባውን ጨርሶ ከፔሳሕ በፊት ቤት ገባ። «እማ፣ አሞርዛተር ከቀየርን አይቀር ሺድሩግ እናድርጋት» አለኝ። ስልኩ ላይ ቀያይ ሞላዎች አሳየኝ፣ መኪናዋን ወደ አራት ሴንቲ ሜትር ዝቅ የሚያደርጉ። በመኣናኩ እከፍላለሁ አለ። ሦስት ዓመት አገልግሎ ያገኘውን ገንዘብ እናቱ መኪና ላይ ላፍስስ የሚል ልጅ ነው፣ ምን ይባላል?

አጎቴና እሱ ጓሮ ተቀምጠው ሲከራከሩ መስማት ደስ ይል ነበር። አጎቴ ሞላ፣ አሞርዛተር፣ ቴስቲና፣ ጎሚኒ ይላሉ፣ ሁሉም የጣሊያን ቃል ነው፣ ጋራዡ ከጣሊያን ጋር መጥቶ ስሙን ትቶልን የሄደ ነው። ልጄ ደግሞ ክፊጽ፣ ቦሌም፣ ታፑአሕ ይላል። አጎቴ ቴስቲና የሚሉትን ልጄ ታፑአሕ ሲለው እናቴ ሰምታ «ፖም? መኪና ደግሞ ፖም ምን ያደርግላታል?» አለች። እስክንረጋጋ ብዙ ሳቅን። ለካ ሁለቱም የሚያወሩት ስለዚያው ክብ መጋጠሚያ ነው።

አጎቴ «አጭር ሞላ በአሮጌም በአዲስም አሞርዛተር ላይ ብታስገባ፣ አሞርዛተሩ የሚሄድበት ቦታ ያጥረዋል። ባምፐር ላይ መጨረሻው ላስቲክ ጋ ይደርሳል። ያኔ የምትሸከምህ መኪናዋ አይደለችም፣ የአያትህ አከርካሪ ነው» አሉት። ሕጉም አለ። መኪናን ከፋብሪካው ከፍታ ዝቅ ማድረግ ሺኑይ ሚቭኔ ነው፣ የሚስራድ ሃታሕቡራ ፈቃድ ይጠይቃል። ያለፈቃድ ከሆነ ቴስት ላይ መልስ ማጣት አለ፣ አደጋ ከደረሰ ኢንሹራንሱም ጥያቄ ያነሣል።

የኔ ምክንያት ግን ሌላ ነበር፣ ሌሊት ነው የነገርኩት። በ2019 ሰለሞን ተካ ኪርያት ሃይም ውስጥ ከሥራ ውጪ የነበረ ፖሊስ በተኮሰው ጥይት ሲሞት ልጄ ገና ተማሪ ነበር። ኪርያት ሃይም ከኛ ሩቅ አይደለም፣ እዚሁ ሃይፋ ነው። ከዚያ ወዲህ ልጄ በሌሊት መኪና ይዞ ሲወጣ በሩ እስኪከፈት አልተኛም። «መሬት የነካች መኪና፣ ውስጧ ጥቁር ወጣት። ማስቆሚያ ምክንያት በእጅህ አትስጣቸው» አልኩት።

ዝም ብሎ አየኝ። ከዚያ በዕብራይስጥ፣ ቀስ ብሎ፣ «እማ፣ እኔ በእግሬም ስሄድ መታወቂያ እጠየቃለሁ። እግሬንም ዝቅ አድርጌው ነው?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። እናንተ ካላችሁ ንገሩኝ፣ እኔ አሁንም የለኝም።

ነገሩን የፈታው የኔ ክርክር አይደለም። በማግስቱ ሥራ ስለያዘኝ አያቱን እሱ ይዟት ሄደ። ከካርሜል ሲወርድ በሃያ ኪሎ ሜትር ነው የነዳው። እሷ ምንም አላለችም፣ ግን እያንዳንዱ ባምፐር ላይ ትንፋሿን ስትይዝ ሰማት። ቤት ሲገባ ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ አጎቴ ጋ ደወለ። «ዶድ፣ ከፍታዋን ሳይነካ ከሁሉ የሚሻለው የቱ ነው?»

ምርጫው ብዙ ነው። ቢልሽታይን የመሳሰሉት ጀርመኖች ለፍጥነት የሚሠሩት ጠንከር ያለ ዓይነት አለ፣ መሪው ስል ይሆናል፣ ወገብ ግን አይወደውም። እኛ የወሰድነው እንደ ፋብሪካው ዓይነት ሁለት ቱቦ ያለው፣ ጋዝ ያለበት ካያባ ነው፣ ጃፓን። ከእሱ ጋር የላይኛው መቀመጫው፣ የመጨረሻው ላስቲክና አቧራ መከላከያው፣ ሁለቱ ትናንሽ ዘንጎች፣ ጎሚኒያቸው ስለተሰነጠቀ ደግሞ ሁለቱ የታች ክንዶች ከነ«ፖማቸው»። ሁሉም በግራም በቀኝም። አምና የተቀየረው የቀኙ ገና ደህና ነበር፣ አጎቴ ግን «አንድ እግሩ ጫማ፣ አንድ እግሩ ባዶ አይሄድም» ብለው አስወጡት። የድሮው ሙሳኽ አሮጌውን መቀመጫ መልሶ እንደገጠመበትም ያኔ ነው ያየነው።

የፊቱን ቤት ውስጥ አትሞክሩት። ሞላው ተጨምቆ ነው የሚወጣው፣ ካመለጠ ሰው ይገድላል። ቼክ ፖስት አካባቢ ያለ ሌላ ሙሳኽ አሠራነው፣ ከነዕቃውና ከኪቩን ፍሮንት ጋር ወደ 2,300 ሸቀል ወጣ፣ ግማሹን ልጄ ከፈለ። አሮጌውን ዕቃ ስጡኝ ብዬ ይዤ መጣሁ፣ ይህን ሁሌም ጠይቁ። አጎቴ የግራውን አሞርዛተር አቁመው በመዳፋቸው ሲጫኑት ያለ ምንም ተቃውሞ ሰጥሞ እዚያው ቀረ። አምና የገባው ግን ቀስ ብሎ በራሱ ተመልሶ ተነሣ። ልጄ ሁለቱን እያፈራረቀ እንደ ሕፃን ሲጫወትባቸው ቆየ።

የኋላዎቹን ሁለቱ ራሳቸው ጓሮ ቀየሯቸው፣ ላይ አንድ ታች አንድ ብሎን ነው። አጎቴ በክሪክ ብቻ ተማምኖ ከሥር መግባት ከለከሉ፣ መደገፊያ አስገዙ። ጎሚኒ ያለባቸው ብሎኖች መጨረሻ የሚጠብቁት መኪናዋ በጎማዋ ከቆመች በኋላ ነው አሉት፤ ተንጠልጥላ ሳለች ከጠበቁ ላስቲኩ ተጠምዝዞ ይቀራል፣ ቶሎም ይቀደዳል። ልጄ እጁ በዘይት ጠቁሮ «ይህን ሁሉ እያወቁ ለምን ሙሳኽ አልሠሩም?» ሲል ጠየቃቸው። አጎቴ የቁልፉን ጫፍ በጨርቅ ጠርገው «ማን ጠየቀኝ?» አሉ፣ ሌላ አልጨመሩም። አሁን ሦስት የልጄ ጓደኞች መኪናቸውን ይዘው ዓርብ ዓርብ ይመጣሉ፣ አጎቴም ከጠዋቱ ነው ተዘጋጅተው የሚጠብቁት።

የመጀመሪያው ማክሰኞ እናቴን ይዤ ወጣሁ። ስንመለስ ያው ቁልቁለት፣ ያው ባምፐር። ፔርሙዟን ጭኗ ላይ አስቀምጣ በመስኮት ባሕሩን ታያለች። ሰፈር ልንገባ ስንል «ዛሬ በሌላ መንገድ ነው እንዴ ያመጣሽኝ?» አለችኝ።

የቀያዩ ሞላዎች ሥዕል ልጄ ስልክ ላይ እስካሁን አለ። ለራሱ መኪና ገንዘብ እያጠራቀመ ነው።