ለአንዲት ቁጥር ተብሎ ሠርግ ይራዘማል እንዴ!?

እናንተዬ፣ ዘንድሮ እጮኛሞችን የሚያጣላው ነገር መልኩን ቀየረ! ድሮ ድሮ «ከማን ጋር ቆመህ ነበር?»፣ «ቀጠሮ ሰጥተሽ ለምን ቀረሽ?» ነበር ጠቡ። አሁን ግን በአምስትና በሰባት ምክንያት ሠርግ ሊራዘም ሲል በዓይኔ በብረቱ አየሁ። አምስትና ሰባት ስላችሁ የጥሎሽ ክርክር እንዳይመስላችሁ... የላፕቶፕ ፕሮሰሰር ነው! «ኮር አይ 5» እና «ኮር አይ 7»።

ባለጉዳዮቹ እዚሁ መቀሌ፣ የእኛው የዓይናለም ሰፈር ልጆች ናቸው። ስማቸው ይቅር። እሷ የአንድ ሱቅ ሒሳብ ትይዛለች። እሱ ባጃጅ ይነዳል፤ ማታ ማታ ደግሞ የኳስ ጌም ካልተጫወተ እንቅልፍ የሚባል አይወስደውም። ሊጋቡ ያሰቡት ከጦርነቱ በፊት ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቁታላችሁ... ባንክ ተዘጋ፣ ስልክ ጠፋ፣ መብራት ጠፋ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነቱ ተፈርሞ፣ ባንኩም ሲከፈት፣ ሁለቱ እንደገና ከዜሮ ማጠራቀም ጀመሩ። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ። በመሃል የእሷ ዕቁብ ወጣ። «ከዕቁቡ ላይ አንድ ላፕቶፕ እንግዛ፤ ቀን አንቺ ትሠሪበታለሽ፣ ማታ እኔ እጫወትበታለሁ» ተባባሉ። እስከዚህ ድረስ ሰላም ነው።

ጠቡ የጀመረው ከተማ ወርደው ሱቅ የገቡ ዕለት ነው። ሻጩ ሁለት ያገለገሉ ላፕቶፖች ጎን ለጎን ደረደረላቸው። ሁለቱም ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ5 ናቸው። መልካቸው አንድ፣ ስክሪናቸው አንድ፣ ራማቸው 8 ጊጋ፣ ኤስኤስዲያቸው 256 ጊጋ። አንደኛው ላይ «አይ 5»፣ ሌላኛው ላይ «አይ 7» የምትል የጥፍር ታህል ስቲከር ተለጥፋለች። በቃ ይኸው ነው! የዋጋው ልዩነት ግን ለሠርጉ ድንኳንና ወንበር ኪራይ ያስቀመጡትን ብር ጥርግ አድርጎ የሚወስድ ሆነ። መቼም ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የዶላሩ ዋጋ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው እንዴት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከ100 ብር አልፎ ሄደ። ላፕቶፑም አብሮ ሄደ።

እሱ «አይ 7 ካልሆነ ጌም አይችልም። ድንኳኑ ይደርሳል፤ ካልሆነም ሠርጉን ትንሽ ገፋ እናደርገዋለን» አለ። እሷ ያለችውን እዚህ መጻፍ አይቻልም።

ታዲያላችሁ በማግሥቱ ቤቴ ድረስ መጣች። «ሓወይ፣ አንተ ኮምፒውተር ትነካካለህ አይደል? ና ፍረደን!» አለችኝ። እኔ ከ12ኛ ክፍል ወዲያ ክፍል ገብቼ የተማርኩት ነገር የለም፤ ግን የሰፈሩን ላፕቶፕ ስፈታና ስገጥም ነው ያደግሁት። ሄድን። ሻጩ ጨዋ ሰው ነበር፤ መታወቂያችንን ይዞ ሁለቱንም እዚያው ጠረጴዛው ላይ እንድንሞክር ፈቀደልን።

መጀመሪያ ሙሉ ስማቸውን አነበብን። «አይ 7» ማለት የአባት ስም ነው፤ ዋናው ከሱ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ነው። አይ 5 የተባለው «አይ 5-8250ዩ» ሆኖ ተገኘ፣ አይ 7ቱ ደግሞ «አይ 7-8550ዩ»። ሁለቱም ኢንቴል እ.ኤ.አ. በኦገስት 2017 በአንድ ቀን ያስተዋወቃቸው የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። 8ኛ ጄነሬሽን የሚባሉት እነሱ ናቸው።

ለልጁ እንዲህ ብዬ አስረዳሁት። ፕሮሰሰሩን እንጀራ የሚጋገርበት ቤት ነው በለው። «ኮር» ማለት ምጣድ ነው። ሁለቱም ቤት አራት አራት ምጣድ አላቸው። ጊጋ ኸርዝ የምትለዋ የእሳቱ ኃይል ናት። የአይ 5ቱ እሳት ሲፋፋም እስከ 3.4 ይደርሳል፣ የአይ 7ቱ እስከ 4.0። «ካሽ» የሚሉት ደግሞ ከምጣዱ አጠገብ የሚቀመጠው የሊጥ ዕቃ ነው፤ ጋጋሪዋ ሊጥ ፍለጋ ጓዳ እንዳትመላለስ። አይ 5ቱ ባለ 6 ሜጋ፣ አይ 7ቱ ባለ 8 ሜጋ ነው። ዋናው ልዩነት ይኸው ነው! ድንኳንና ወንበር የሚያስከፍለው ይሄ ነው!

«ኧረ 3.4 እና 4.0 ቀላል ልዩነት ነው እንዴ?» አለኝ። በወረቀት ላይ ቀላል አይደለም፣ 18 በመቶ ገደማ ነው። ነገር ግን 4.0 የሚደርሰው ጥቂት ምጣድ ብቻ ሲጣድ፣ እሱም ለአጭር ጊዜ ነው። አራቱም በአንድ ላይ ሲጣዱ ቤቱ በሙቀት ይታፈናል፤ ሁለቱም የተሠሩት ለቀጭን ላፕቶፕ፣ በ15 ዋት እንዲያድሩ ነው። ሲግሉ እሳቱ ይቀነሳል፣ ልዩነቱም አብሮ ይጠባል። በዚያ ላይ መቀሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺህ 200 ሜትር በላይ ላይ ያለች ከተማ ናት። አየሩ ስስ ነው። ስስ አየር ደግሞ ሙቀት ይዞ ለመውጣት ሰነፍ ነው። የዓይናለምን አቧራ ጨምሩበትና በማራገቢያው ውስጥ ምን እንደሚሆን ገምቱ! ዓመት ሙሉ ተጠርጎ የማያውቅ አይ 7 ከተጠረገ አይ 5 ኋላ ቢቀር አይግረማችሁ።

አሁን ወደ ጌሙ ልምጣ። ጌም የሚፈልገው እንጀራውን ብቻ አይደለም፤ ወጡንም ነው። ወጥ ሠሪው «ግራፊክስ» ይባላል። እንጀራው የቱንም ያህል ቶሎ ቢጋገር ወጡ ካልደረሰ ገበታ አይቀርብም። በሁለቱም ቤት ያለው ወጥ ሠሪ ደግሞ አንድ ነው፣ «ዩኤችዲ 620» ይባላል። ፍጥነቱ በአይ 5ቱ እስከ 1.10 ጊጋ ኸርዝ፣ በአይ 7ቱ እስከ 1.15 ነው። ይቺን ልዩነት በዓይኑ የሚያይ ሰው ካለ እሱ ሰው ሳይሆን መሣሪያ ነው።

ልጁ አሁንም አላመነም። ስለዚህ አንድ ነገር አደረግን፤ ስቲከሮቹን በወረቀት ሸፈንናቸው፣ እሱን ፊቱን አዙሮ አቆምነውና ቦታቸውን አቀያየርን። «በል ለየው!» አልነው። ከፈታቸው፣ ሁለቱም ተያይዘው ተነሱ። እሷ የሱቋን የኤክሴል ፋይል ከፈተች፤ እኩል ተከፈተ። ክሮም ላይ አሥራ አምስት ገጽ ደረደርን፣ ዩቱብ አጫወትን... ወፍ የለም። ትልቅ ፎልደር ዚፕ ስናደርግ ብቻ አንደኛው በጥቂት ሴኮንዶች ቀደመ። እውነቱን ለመናገር የቀደመው አይ 7ቱ ነው። የለም አልልም፣ ልዩነት አለ። ከጠዋት እስከ ማታ ይህን የመሰለ ሥራ ለሚሠራ ሰው ሴኮንዷ ትጠራቀም ይሆናል።

ከዚያ የልጁን የኳስ ጌም፣ ፔስ 2017ን ከፍላሽ ጫንን። ያን ጊዜ ነው ጉዱ! አንደኛው ላይ ኳሱ እንደ ውኃ ይፈሳል። ሌላኛው ላይ ዝናብ ዘንቦ ተጫዋቾቹ ጎል ላይ ሲሰበሰቡ ምስሉ ይንተባተባል። ልጁ ፊቱ በራ። «አላልኳችሁም! ይሄ የሚንተባተበው አይ 5 ነው!» ብሎ ወረቀቱን ቀደደው።

አይ 7 ነበር።

ሻጩ ሳይቀር ደነገጠ። ነገሩ ግን ተአምር የለበትም። ይሄ ወጥ ሠሪ የራሱ ድስት የለውም፤ የሚሠራው በራሙ ላይ ነው። ታስክ ማናጀርን ከፍተን ስናይ የአይ 5ቱ 8 ጊጋ ባለ 4 ጊጋ ሁለት ራም ሆኖ በሁለት ቀዳዳ ተሰክቷል፤ የአይ 7ቱ ግን አንድ ባለ 8 ጊጋ ነው፣ ሁለተኛው ቀዳዳ ባዶውን ቀርቷል። ድምሩ እኩል ነው፣ መንገዱ ግን አንድ በርና ሁለት በር ያለው አዳራሽ ነው። ሠርገኛ በሁለት በር ሲገባና በአንድ በር ሲጋፋ አንድ ነው እንዴ? ሻጩን አስፈቅደን ሁለቱንም ፈታንና ራማቸውን አለዋወጥን። አሁን አይ 7ቱ ፈሰሰ፣ አይ 5ቱ ተንተባተበ! ሱቁ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ያይ ነበር። አንዱማ የራሱን ላፕቶፕ ከቦርሳው አውጥቶ «የኔንም እይልኝ» አለ።

ይህን ስንል የሱቁ ረዳት ሦስተኛ ላፕቶፕ ይዞ ብቅ አለ። «አይ 7 ከፈለጋችሁ ይሄ ዋጋው ከአይ 5ቱ ጋር እኩል ነው» አለ። የልጁ ዓይን እንደገና በራ! ሙሉ ስሙን ስናነብ «አይ 7-7500ዩ» ይላል። እ.ኤ.አ. የ2016 ምርት፣ 7ኛ ጄነሬሽን። ምጣዱ ስንት ነው? ሁለት! ስሙ አይ 7 ሆኖ፣ አራት ምጣድ ካለው አይ 5 ያነሰ ቤት ነው። በዚያ ላይ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 11 ከተቀበላቸው ፕሮሰሰሮች ውስጥ የለም፤ የዊንዶውስ 10 ነፃ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ሰው የሚጎዳው እንዲህ ባለው ላይ ነው፤ ረዳቱም ክፉ አስቦ ሳይሆን የስቲከሩን ቁጥር አምኖ ይመስለኛል።

እንግዲህ ላፕቶፕ ልትገዙ የምትወጡ ልጆች፣ ከስቲከሩ በፊት «ዚስ ፒሲ» ላይ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ «ፕሮፐርቲስ» ግቡና ሙሉ ስሙን አንብቡ። ከዚያ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭናችሁ «ፐርፎርማንስ» ውስጥ «ሜሞሪ»ን እዩ፤ ስንት ቀዳዳ እንደተያዘ ይነግራችኋል። ቻርጀሩን ነቅላችሁ ግማሽ ሰዓት አጫውቱት፤ ያገለገለ ባትሪ የሚጋለጠው ያኔ ነው። ሻጩ ቢያኮርፍም ቻሉት። ከባድ ጌም፣ ለምሳሌ ጂቲኤ 5ን ደህና አድርጎ መጫወት የሚፈልግ ካለ ግን ከሁለቱ መንትዮች አንዳቸውም አይሆኑትም። የራሱ ግራፊክስ ካርድ ያለው ይፈልግ። አይ 5-8250ዩ ሆኖ ኤንቪዲያ ኤምኤክስ 150 ካርድ ያለበት ብታገኙ፣ ካርድ የሌለውን አይ 7-8550ዩ በጌም ያስከነዳዋል። ከዚያም በላይ የሚሻ በቁጥሩ መጨረሻ «ዩ» ሳይሆን «ኤች» ያለበትን ይጠይቅ፤ አይ 5-8300ኤች ለምሳሌ የተሠራው ለ45 ዋት ነው። ወፍራምና ከባድ ነው፣ ባትሪም ይበላል፤ ባጃጅ ውስጥ ይዘውት የሚዞሩት አይደለም።

ልጆቹ አይ 5ቱን ገዙ። ባለሁለት ራም ሆኖ እንዲቀር ሻጩን አስማልነው። እኔም ውስጡን ጠርጌ፣ ፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀባውን ፔስት ቀየርኩለት፤ አሁን ማራገቢያው እንደ ወፍጮ አይጮህም። የድንኳኑ ቀብድ ተከፍሏል፣ ቀኑም አልተነካም። የቀረው ጠብ ማታ ከ2 ሰዓት በኋላ ላፕቶፑ የማን ነው የሚለው ነው። እሷ የወር መጨረሻ ሒሳብ ላይ ናት፣ እሱ ደግሞ ከባጃጅ ጓደኞቹ ጋር ዋንጫ ጀምሯል። ትናንት ሁለቴ ደውላልኛለች... ስልኩን አላነሳሁም።