ብልሃቱ ከመብላቱ በፊት

«ዓሣ መብላት በብልሃት» ይላል ያገራችን ሰው። ምሳሌው የተነገረው ጉሮሮ ላይ ስለሚሰነቀረው እሾህ ነው። ይሁን እንጂ ብልሃቱ ከገበታ ላይ ይጀምራል ብሎ ማሰብ ነገሩን ከወገቡ መያዝ ይሆናል። ዓሣው ከውኃው የወጣበት መንገድም ብልሃት ይጠይቃል፤ ይህኛው ብልሃት የጎደለ እንደሆነ ጉዳቱ ከአንድ ሰው ጉሮሮ አልፎ ለወንዙ ሁሉ ይተርፋል። በዚህች አጭር ጽሑፍ የማወሳው ስለ መንጠቆና በመንጠቆው ላይ ስለሚሰካው ለስላሳ ምግብ ነው።

የደብረ ማርቆስና የአካባቢዋ ደገኛ የበሬና የሞፈር ሰው እንጂ የመንጠቆ ሰው ተብሎ አይታወቅም። ከጮቄ ተራሮች የሚነሡት ጨሞጋ፣ ሙጋና ተምጫ ለእርሱ በክረምት ሲሞሉ የሚፈሩ፣ በበጋ ከብት የሚጠጣባቸው ወንዞች ናቸው። ዓሣን የጣና ዳር ሰዎች ጉዳይ አድርጎ ይቆጥረዋል። ቢሆንም በየወንዙ ዳር አንድ ሁለት ዐዋቂ አይጠፋም ነበር። እኔም በልጅነቴ ከብት በምጠብቅበት ወንዝ ዳር ከእንዲህ ያሉ አንድ አዛውንት አጠገብ ብዙ ከሰዓት በኋላዎችን አሳልፌአለሁ።

አዛውንቱ የመሬት ትሎችን ከእርጥብ አፈር ጋር በቆርቆሮ ጣሳ ይዘው ይመጡና ጣሳውን ከጥላ ሥር ያኖሩታል። መንጠቆውን በትሉ ራስ በኩል አስገብተው፣ ገላውን ቀስ እያሉ በብረቱ ላይ ያለብሱትና ጅራቱን አንድ ጣት ያህል ነጻ ይተዉታል። የመንጠቆው ሹል ከትሉ ገላ ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው ያቆሙታል። ሹሉ ከወጣ በውኃው ውስጥ ያለ ሥራሥር ሁሉ ይይዘዋል፤ እጅግ ከተቀበረ ደግሞ ዓሣው ነክሶ ሲለቅ አይወጋውም። ከመንጠቆው አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ቁራጭ የእርሳስ ብረት ይታሰራል፤ ከጥልቅ ውኃ ያለ ክብደት አይደረስምና። እርሳሱ ወለሉን ነክቶ ክሩ ሲላላ፣ ክንድ ያህል ከፍ፣ ደግሞ ዝቅ ያደርጉታል። ዓሣው ብዙውን ጊዜ የሚነክሰው ምግቡ ወደ ታች ሲወርድ ስለሆነ፣ በዚያች ቅጽበት ክሩ ከጣታቸው ስሜት አይለይም ነበር።

«ልጄ፣ ትሉን እንዳይሞት አድርገህ ስካው፤ የሞተ ነገር ሩቅ አይጣራም» ይሉኝ ነበር።

የዚህን ቃል ቁም ነገር የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። መንጠቆ የሚጥል ሰው ዓሣውን ማወቅ ግድ ይሆንበታል። አምባዛ በደፈረሰ ውኃ ከወለሉ ላይ ምግቡን የሚያገኘው በዓይኑ ሳይሆን በጢሙና በሽታ ነው፤ ስለዚህ ትል ይስማማዋል። ቆሮሶ በአብዛኛው የውኃ አረንጓዴ በል ስለሆነ ከትል ይልቅ ለመረብ ይቀናል። በጣና ነጭ ዓሣ የሚባለው ወገን ደግሞ የበለጠ ያስደንቃል። ናጌልከርከና ሲቢንግ የተባሉት የሆላንድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ባካሄዱት ጥናት፣ ጥልቀቱ ከ14 ሜትር በማይበልጠው በዚህ ሐይቅ ውስጥ 15 የተለያዩ ዓይነቶች መኖራቸውን ለይተዋል። ከእነዚህም 8ቱ ሌላ ዓሣ አድነው የሚበሉ ናቸው። አዳኝ ይባሉ እንጂ መንጋጋቸው ጥርስ የለውም፤ ጥርሳቸው ያለው ከጉሮሯቸው ውስጥ ነው።

በአንጻሩ ምንም ዕውቀት የማይጠይቅ ሌላ መንገድ አለ፤ እርሱም ብርብራ ነው። ዛፉ በተፈጥሮ በአገራችን ብቻ የሚገኝ፣ ጥላው የተወደደ ዛፍ ነው። ፍሬው ተወቅጦ ከውኃ ሲገባ ግን በውስጡ ያለው ሮተኖን የተባለ መርዝ ዓሣው በውኃው ውስጥ ባለው አየር እንዳይጠቀም ያደርገዋል። አንድ ጊዜ በበጋ፣ ወንዙ ጎድሎ ውኃው በየጉድጓዱ በቀረበት ወራት፣ ብርብራ የተነሰነሰበትን ጥልቅ ውኃ አይቻለሁ። ትልልቆቹ ተለቅመው ተወስደዋል። ጣት የማያህሉት ጫጩቶች ግን ለማንም ስለማይረቡ ነጭ ሆዳቸውን ወደ ሰማይ አድርገው ቀርተዋል። መንጠቆ አንድ ዓሣ ይጠራል፤ ብርብራ የሚመጣውን ዓመት ጭምር ይወስዳል።

በሌላው ዓለም ሰው ትሉንም በፋብሪካ ሠርቶታል። እ.ኤ.አ. በ1949 ኒክ ክሪም የተባለ የአሜሪካ ኦሃዮ ሰው እውነተኛውን የሚመስል ለስላሳ የፕላስቲክ ትል ሠራ። ዛሬ በዚያ መንገድ የተሠራ ሰው ሠራሽ ምግብ እርሳስ ከተበየደበት መንጠቆ ጋር ወደ ጥልቅ ውኃ ይወርዳል። አሰካኩ ግን ያው የአዛውንቱ ነው፤ ገላው ቀጥ ብሎ ይለብሳል፣ ጅራቱ ነጻ ሆኖ ይንቀሳቀሳል። ልዩነቱ ተበጥሶ ከውኃው ሲቀር ነው፤ የመሬት ትል ይበሰብሳል፣ ፕላስቲኩ ግን ለዘመናት ይቆያል። ትል ከጓሮው የማይጠፋበት ደገኛ በዚህ ረገድ የሚቀናበት ነገር ያለ አይመስለኝም።

ግጥምና ተውኔት ስጽፍ ይህ የአሰካክ ነገር ብዙ ጊዜ ትዝ ይለኛል። ትምህርቱ ከታሪኩ ገላ ፈጥጦ ሲወጣ ተመልካች ይሸሻል፤ እጅግ ሲቀበርም ሳይነካው ያልፋል። ተመልካች ግን የሚጠመድ ፍጡር አይደለምና ንጽጽሩ ከዚህ አይዘልም።

ስለ ወንዞቻችን ግን አንድ የምለው አለኝ። «ብርብራ አትጨምሩ» የሚል ክልከላ ብቻውን የተራበን ልጅ አያስቆምም፤ በምትኩ የሚይዘው ነገር ያሻዋል። ወንዝ ባለበት ቀበሌ ሁሉ ትምህርት ቤት አለ፣ ክርም ትልም አይጠፋም። መምህራን የዓሣውን አፍና ጢም በሰሌዳ ላይ ሲያስተምሩ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ተማሪዎቻቸውን ወደ ወንዝ ወስደው አሰካኩን ቢያሳዩአቸው ትምህርቱ ሙሉ ይሆናል። ያን ጊዜ ልጁ ዓሣውን ያውቀዋል፤ ያወቀውንም በጅምላ ለመግደል እጁ ቶሎ አይታዘዝለትም።