በቡና ወቅት የሚሠራ ተማሪ ደኅንነት

በጅማ ዞን ባሉት በሰቃ፣ በአጋሮና በሊሙ የቡና ለቀማ ወቅት ከትምህርት ዘመኑ የመጀመሪያ ወራት ጋር ስለሚገጥም፣ ከገጠር መጥተው በከተማ ቤት ተከራይተው የሚማሩ ወጣቶች ግማሽ ቀኑን በክፍል፣ ግማሹን በማሳ ወይም በማቀነባበሪያ ያሳልፋሉ። ሥራው የሚከበር ነው፤ የብዙዎች ደብተርና የቤት ኪራይ የሚሸፈነው በዚሁ ገንዘብ ነው። የሚያሳስበው ለጥቂት ሳምንታት ብቻ የሚቆይ ሠራተኛ ሥልጠና እንደማያስፈልገው መቆጠሩ ነው።

ጀንፈል፣ ማለትም ከነገለፈቱ የደረቀ ቡና፣ በሚቀሸርበት ቤት አቧራው ሳንባ ይጎዳል፤ በኢትዮጵያ የቡና ማቀነባበሪያዎች ተካሂዶ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ በማሽን ክፍል የሚሠሩት የሚተነፍሱት አቧራ በዚያው ማቀነባበሪያ ፍሬውን በእጅ መርጠው ከሚለዩት እጅግ የበዛ መሆኑን አሳይቷል። መከለያ የሌለው የማሽን ቀበቶ ልብስንና እጅን ይስባል። ክፍያው በኪሎ ሲሆን ደግሞ የደከመው ተማሪ ማረፍን እንደ ኪሳራ ይቆጥረዋል።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 18 ዓመት የሆኑትን «ወጣት ሠራተኛ» ብሎ በመለየት የቀን ሥራቸውን በ7 ሰዓት ወስኗል፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓትም እንዳይሠሩ ከልክሏል። ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ካልጎዳ በቀር፣ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊ ነው። ሆኖም ስሙ በመዝገብ ያልሰፈረ ተማሪ ተቀጥሮ እንደነበረ ማስረዳት ይቸግረዋል፤ ነገ ለሥራ ሳይጠራ እንዳይቀርም ቁስሉን ይደብቃል።

የጅማ ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም. የተመሠረተው የእርሻ ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋሕደው ስለሆነ፣ ቡናንም ሳንባንም የሚያውቁ መምህራን በአንድ ጣሪያ ሥር አሉት፤ ከለቀማው በፊት ለተማሪዎች የአንድ ቀን ሥልጠና መስጠት ከአቅሙ በላይ አይሆንም። አሠሪዎች የተማሪውን ስም በቀጠሩበት ዕለት ይመዝግቡ፣ የአፍና አፍንጫ መሸፈኛም ይስጡ፤ የተጎዳ ተማሪም በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ የሕክምና ማስረጃውን ይያዝ።