በነፃ የሰጠችውን ሸጡባት

የገዛ ፎቶውን ስለተጠቀመ ክፈል የተባለ ሰው አለ? አለ። አሜሪካዊቷ ፎቶግራፈር ካሮል ሃይስሚዝ ተብላለች። እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ ላይ ለድርጅቷ አንድ ደብዳቤ ደረሰ። የተጻፈው አላሚ የተባለውን የፎቶ ሻጭ በመወከል ነው። በድረ ገጻችሁ ላይ ያለ ፈቃድ ለተጠቀማችሁት ፎቶ 120 ዶላር ክፈሉ ይላል። ፎቶውን ያነሳችው ግን ራሷ ሃይስሚዝ ነበረች።

ሃይስሚዝ ለአሥርት ዓመታት አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር እየዞረች ፎቶ ስታነሳ የኖረች ባለሙያ ናት። ሥራዋንም ማንም በነፃ እንዲጠቀምበት ብላ ለአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሰጥታለች። ደብዳቤው ከደረሳት በኋላ ጌቲ ኢሜጅስም 18,755 ፎቶዎቿን በድረ ገጹ ላይ አስቀምጦ የመጠቀሚያ ፈቃድ እየሸጠባቸው ነው ስትል ኒው ዮርክ ውስጥ ፍርድ ቤት ሄደች። የጠየቀችው ካሳ 1 ቢሊዮን ዶላር ነበር።

ይህን የሰማ ሰው ትረታለች ብሎ ቢጠብቅ አይፈረድበትም። አልሆነም። በ2016 የፌዴራሉን የቅጂ መብት ሕግ የጠቀሱት ክሶቿ ውድቅ ተደረጉ፤ የቀረው በስምምነት አለቀ። የጌቲ መከራከሪያ ቀላል ነው፦ ፎቶዎቹ የሕዝብ ሀብት ሆነዋል፤ የሕዝብ ሀብት የሆነን ሥራ አሰራጭቶ ክፍያ መጠየቅ ደግሞ የተለመደ ነው። ያናድዳል፤ ግን እውነት አለው። «ማንም ይጠቀምበት» ሲባል «ማንም» ውስጥ ነጋዴውም አለ።

አሁን ደግሞ ሌላውን ጉዳይ እንይ። ጃንዋሪ 12 ቀን 2010 ሄይቲ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትፈርስ ዳንኤል ሞሬል የተባለ ሄይቲያዊ ፎቶግራፈር በቦታው ነበር። ያነሳቸውን ፎቶዎች በትዊተር በኩል ለቀቀ። ሌላ ሰው ወስዶ የራሱ አስመስሎ ለጠፋቸው። የፈረንሳዩ ዜና አገልግሎት ኤኤፍፒ ፎቶዎቹን አንስቶ ለጌቲም አስተላለፈ፤ በዓለም ዙሪያ ተሰራጩ። ሞሬል መብቴ ተጣሰ ሲል ቀድሞ ፍርድ ቤት የሄደው ራሱ ኤኤፍፒ ነበር፤ አላጠፋሁም ለማስባል። ሞሬልም መልሶ ከሰሰ። እ.ኤ.አ. በ2013 የኒው ዮርክ ዳኞች ጉባኤ ሁለቱ ድርጅቶች ሆን ብለው መብቱን ጥሰዋል ብሎ ለ8 ፎቶዎች 1.2 ሚሊዮን ዶላር ፈረደለት።

ሁለቱም እውቅ ባለሙያዎች ናቸው፤ ሁለቱም የቆሙት ትልልቅ ድርጅቶች ፊት ነው። ልዩነቱ አንዷ መብቷን አስቀድማ መስጠቷ፣ ሌላው ግን መብቱን በእጁ ማቆየቱ ነው። በማኅበራዊ ሚዲያ መልቀቅ መብትን መስጠት አይደለም።

በስቶክ ፎቶ ሥራ ለሚተዳደር ሰው ይህ የእንጀራ ጉዳይ ነው። ስቶክ ፎቶ የሚያቀርብ ባለሙያ በአብዛኛው ፎቶውን አይሸጥም፤ ያከራያል። ቤቱ የእሱ ሆኖ ይቀራል፤ ተከራዩ የሚከፍለው ለመጠቀም ነው። ብዙዎችን የሚያሳስተው «ሮያሊቲ ፍሪ» የሚለው ቃልም «ነፃ» ማለት አይደለም። አንዴ ከፍለህ በውሉ መሠረት ደጋግመህ ተጠቀም ማለት ነው።

ችግሩ ኪራዩ ርካሽ መሆኑ ላይ ነው። ፈቃዱ በጥቂት ዶላር የሚገኝ ፎቶ ሲሰረቅ፣ ባለቤቱ ደረሰብኝ ብሎ የሚያስረዳው ኪሳራ ያችኑ ጥቂት ዶላር ሊሆን ይችላል። ለዚያ ብሎ ጠበቃ የሚቀጥር የለም። የአሜሪካ ሕግ ይህን ክፍተት የሚሞላው አስቀድሞ ለተመዘገበ ሥራ፣ ኪሳራ ማስላት ሳያስፈልግ፣ ለአንድ ሥራ እስከ 150,000 ዶላር የሚደርስ ካሳ በመፍቀድ ነው። ሳያስመዘግብ የተሰረቀበት ግን ያስረዳውን ኪሳራ ብቻ ይዞ ይቀራል። ፎቶግራፈሩን የሚጠብቀው እንግዲህ የሕጉ መኖር ብቻ ሳይሆን የጣሰው ሰው የሚከፍለው ዋጋ ነው።

ወደ እኛ አገር ስንመጣ፣ ሕግ የለም ማለት አይቻልም። አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጥቷል፤ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል። ግን ለፎቶ የተሰጠው ዕድሜ አጭር ነው። ደራሲ በሕይወት ዘመኑ ሁሉ፣ ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት መብቱ ሲጠበቅለት፣ ፎቶ የሚጠበቀው ከተነሳ ጀምሮ ለ25 ዓመት ነው። በ20 ዓመቷ የመስቀል ደመራን ያነሳች ልጅ 45 ሲሞላት ፎቶዋ ከእጇ ይወጣል። እሷ ገና ካሜራዋን ይዛ እየሠራች ነው።

ከሕጉ ዕድሜ በፊት ግን ልማዳችን አለ። የቡና ሥነ ሥርዓት ፎቶ ከኢንተርኔት አውርዶ የካፌ ግድግዳ ላይ ማሳተም፣ የሰው ፎቶ ላይ የቻናልን ሎጎ መለጠፍ፣ ከሥር «ፎቶ፦ ከማኅበራዊ ሚዲያ» ብሎ ማለፍ። ማኅበራዊ ሚዲያ ካሜራ ይዞ ፎቶ ያነሳል እንዴ? ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም።

«ስሜ ይታወቅልኝ እንጂ በነፃ ይውሰዱት» የሚሉ ወጣት ባለሙያዎች አሉ። መስጠት መልካም ነው፤ አሰጣጡን ማወቅ ግን ያስፈልጋል። ስሜን ጥቀሱ፣ ለንግድ አታውሉት ብሎ መስጠት ይቻላል፤ የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃዶች ለዚህ የተዘጋጁ ናቸው። ሁሉንም ለቅቆ መስጠትም ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ ግን መሸጡን ማስቆም አይቻልም። ስለዚህ ፎቶ ከመጫን በፊት ውሉን ማንበብ፣ ዋናውን ፋይል ከነቀኑ ማስቀመጥ የባለሙያው ሥራ ነው።

የተጠቃሚው ድርሻ ከዚህ ይቀላል። ፎቶውን የወሰደበት ገጽ ላይ ብዙ ጊዜ የባለቤቱ ስም አለ። «ልጠቀምበት?» ብሎ አንድ መልእክት መላክ ብዙ ጊዜ አይወስድም።